የቤት ሥራና የገበሬው ቤት፤ የአምበርና የአካባቢው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ሳምንት በታሪክ ዓይን

መግቢያ

አንድ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ በሳምንት ውስጥ በመማሪያ ክፍል የሚያሳልፈው ጊዜ በቤትና በመስክ ከሚያሳልፈው ጊዜ እጅግ ያነሰ መሆኑ ለመምህራን የተሰወረ አይደለም። በፈረቃ በሚሠራ ትምህርት ቤት ደግሞ የክፍሉ ጊዜ ከግማሽ ቀን አያልፍም። ከቀረው ጊዜ ጥቂቱን ለትምህርት ለማዋል ሲባል የቤት ሥራ ይሰጣል። የቤት ሥራ ሲሰጥ ግን በቃል ያልተነገረ አንድ ግምት አብሮ ይሄዳል። ይኸውም ሕፃኑ ወደ ቤቱ ሲመለስ ብርሃን፣ ጊዜ፣ መጻፊያ ሥፍራና ሲቸገር የሚረዳው ሰው ያገኛል የሚል ነው። ግምቱ እውነት በሚሆንበት ቤት የቤት ሥራ ትምህርትን ያጠነክራል። እውነት በማይሆንበት ቤት ግን ልጁ ሳያጠፋ የሚቀጣበት፣ ሰነፍ ሳይሆን ሰነፍ የሚባልበት ምክንያት ይሆናል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በአምበርና በአካባቢዋ፣ እንዲሁም በመላው የጎጃም ደጋ፣ ትምህርት ከክፍል አልፎ ወደ ገበሬው ቤት የገባባቸውን መንገዶች በየዘመናቸው መመርመርና ለዛሬው የሳምንት የትምህርት ዕቅድ የሚሆን ፍሬ ነገር ማውጣት ነው። ጽሑፉ የሚያቀርበው አሳብ በአጭሩ ሲገለጽ የሚከተለው ነው። የቤት ሥራ ፍሬ ያፈራው የቤቱን ሳምንት አስቀድሞ ባወቀ ጊዜ ነው፤ የቤቱን ሳምንት ሳያውቅ የተሰጠ ሥራ ግን ያላቸውን ከሌላቸው የሚለይ ወንፊት ሆኖ ኖሯል።

1. የአካባቢው ሁኔታና የቤተሰቡ ሳምንት

አምበር በምሥራቅ ጎጃም የአነደድ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፣ ከዓባይ ሸለቆ ወጥቶ በደጀንና በሉማሜ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ በሚያልፈው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። የወረዳው ሕዝብ አብዛኛው ገበሬ ነው፤ ጤፍና ስንዴ ዋነኛ ሰብሎቹ ናቸው። ከሰሜን በኩል የጮቄ ተራራ ሰንሰለት ይታያል።

በእንዲህ ያለ አካባቢ የሕፃን ጉልበት በቤተሰቡ የሥራ ክፍፍል ውስጥ የታወቀ ቦታ አለው። ወንዱ ልጅ ከብት ይጠብቃል፤ በአረም ወራት ከአባቱ ጋር ማሳ ይውላል። ሴቷ ልጅ ውኃ ትቀዳለች፣ እንጨት ትለቅማለች፣ ታናሿን ታዝላለች፣ በጓዳውም ሥራ እናቷን ትረዳለች። የትምህርት ዘመኑ በመስከረም ሲጀምር የጤፍ አረም ገና አላለቀም። ኅዳርና ታኅሣሥ ሲደርሱም አጨዳና ውቂያ ይከተላሉ። ሳምንቱም ቢሆን ቀኖቹ እኩል አይደሉም። የገበያ ቀን እናት ከቤት ትወጣለች፤ ቤቱን የምትጠብቀው ታላቂቱ ልጅ ናት። በወሩ ውስጥ በሚውሉት በዓላት፣ ለምሳሌ በ12 ቀን በሚካኤል፣ በ21 ቀን በማርያም፣ በ29 ቀን በበዓለ ወልድ፣ ሞፈርና ቀንበር ያርፋሉ፤ ሰውም በቤቱና በደጀ ሰላም ይገናኛል። ከትምህርት ቤቱ የሰዓት ሠሌዳ ጎን ለጎን ይህ ሌላ ሠሌዳ ሁልጊዜ ይሠራል። በወረቀት ያልሰፈረ ቢሆንም የሕፃኑን ቀሪነትና ያልተሠራ ደብተር የሚወስነው ብዙውን ጊዜ እርሱ ነው።

2. የቄስ ትምህርት፤ ቀን ንባብ፣ ማታ ቃል

ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከመከፈቱ አስቀድሞ በጎጃም ደጋ ሕፃናትን ያስተምር የነበረው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ነው። አገሩ በተለይ በቅኔ የታወቀ ሲሆን ዋሸራ፣ ጎንጅና ዲማ ጊዮርጊስ ከየአውራጃው ተማሪ የሚጎርፍባቸው ጉባኤያት ነበሩ። እዚህ ላይ የሚያስፈልገን ግን የከፍተኛው ጉባኤ ሳይሆን የመጀመሪያው ደረጃ፣ ማለትም የንባብ ቤት አሠራር ነው።

ሕፃኑ በሀ ሁ ይጀምራል፤ ፊደሉን በተርታ ከለየ በኋላ አቡጊዳን ይማራል፤ ቀጥሎ ፊደለ ሐዋርያ የሚባለውን የዮሐንስን መልእክት ይቈጥራል። ከዚያም በግእዝ ንባብ፣ በወርድ ንባብና በቁም ንባብ እያለፈ በመጨረሻ ዳዊት ይደግማል። ዳዊት የደገመ ልጅ ቤተሰቡ ድግስ ደግሶ ያስመርቀዋል፤ ለመምህሩም እንደ አቅሙ ስጦታ ይሰጣል። መምህሩ አንድ ሲሆን ተማሪዎቹ በልዩ ልዩ ደረጃ ያሉ ናቸው። ስለዚህ ከፍ ያለው ዝቅ ያለውን ያስቀጽላል፤ የመምህሩ ጊዜ ይቈጠባል፤ የሚያስቀጽለውም ልጅ የተማረውን ያጸናል።

ልብ ልንለው የሚገባ ዋና ነገር የቀኑና የማታው ትምህርት አለያየት ነው። ንባብ መጽሐፍና ብርሃን ስለሚፈልግ በቀን ይሰጣል። ሲመሽ ደግሞ የቃል ትምህርት ይቀጥላል። ውዳሴ ማርያምንና ሌሎችንም ጸሎቶች መምህሩ ወይም ታላቁ ተማሪ በቃሉ ሲያሰማ ሕፃናቱ እየተቀበሉ በቃላቸው ያጠናሉ። ለዚህ መብራትም መጽሐፍም አያስፈልግም፤ ጆሮና ድምፅ ይበቃል። በቅኔ ቤትም የሚታየው ሥርዓት ከዚህ ይቀራረባል። ተማሪው ከመምህሩ የሰማውን ይዞ ቀን ለብቻው ገለል ብሎ ቅኔውን ይቈጥራል፤ በኋላም መጥቶ በመምህሩ ፊት ያሰማና ይታረማል። ይህ በዘመናችን አነጋገር የቤት ሥራ ማለት ነው። ልዩነቱ የሚሠራው በልብ ውስጥ እንጂ በወረቀት ላይ አለመሆኑ ነው። ከብት እየጠበቁ፣ መንገድ እየሄዱ፣ ምግብ እየለመኑ ሊሠራ ይችላል።

የዚህን አሠራር ጉድለት መሸሸግ አይገባም። ጽሕፈት ከንባብ ጋር አብሮ አይሰጥም ነበር፤ ለብቻው የሚቀሰም ሙያ ነበርና። ሕፃኑ የሚያነበው ግእዝ ስለሆነ ቃሉን እንጂ ምሥጢሩን ለማወቅ ብዙ ዓመታት ይፈጅበታል። ሴቶች ልጆች ከጥቂቶቹ በቀር በዚህ ማዕድ አልተካፈሉም፤ ቅጣቱም ከባድ ነበር። ሆኖም ጉባኤው አንድ ነገር በሚገባ ዐውቆ ነበር። ከክፍል ውጭ የሚሰጠውን ሥራ የመረጠው በድኻ ቤት ውስጥ ሊሠራ እንዲችል አድርጎ ነው።

በ1902 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ አካባቢ በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት የተወለዱት ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በመጀመሪያ የተማሩት በዚሁ ሥርዓት ነው። በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ከቅኔ መምህራን ሥር ከቆዩ በኋላ ወደ ዘመናዊ ትምህርት ተሻግረዋል፤ ኋላም የትምህርት ሚኒስትር ለመሆን በቅተዋል። በ1958 ዓ.ም. በታተመው በፍቅር እስከ መቃብር የቆሎ ተማሪውን ኑሮ ከገበሬው ኑሮ ጋር አሰናስለው ማሳየታቸው ሁለቱንም ከቅርብ በማወቃቸው ነው።

3. ደብተርና ኩራዝ

ከ1933 ዓ.ም. ነፃነት በኋላ መንግሥት ትምህርት ቤቶችን እንደገና መክፈትና ማስፋፋት ጀመረ። በደብረ ማርቆስ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ትምህርት ቤት ከአካባቢው ብዙ ወጣቶችን አስተምሯል። በ1940 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ በመሬት ላይ የትምህርት ግብር ተጣለ፤ ገንዘቡንም የሚከታተሉ የትምህርት ቦርዶች በየጠቅላይ ግዛቱ ተቋቋሙ። በዚህ መሠረት ገበሬው ለትምህርት መክፈል ጀመረ። ትምህርት ቤቱ ግን በአብዛኛው የተከፈተው በከተሞችና በአውራ ጎዳና አጠገብ ስለ ነበር፣ ከፋዩ ሁሉ ልጁን የሚልክበት ቅርብ ቦታ አላገኘም። በጎጃም ገበሬ ዘንድ ግብርና የመሬት ልኬት ከፍ ያለ ቅሬታ ያስነሡ ጉዳዮች መሆናቸው የታወቀ ነው፤ በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር በታወጀ ጊዜ የተነሣው ዐመፅ ለዚህ ምስክር ነው። የዐመፁ መንሥኤ ትምህርት አልነበረም። ይሁን እንጂ ከመንግሥት የሚመጣ ወረቀት ሁሉ በጥርጣሬ በሚታይበት አገር ልጅን ለትምህርት ቤት መስጠት ለአንድ አባት ቀላል ውሳኔ እንዳልነበረ ማስተዋል ይገባል።

አዲሱ ትምህርት ቤት ሳምንቱን በክፍለ ጊዜ ሸነሸነው፤ ደወል አመጣ፤ ደብተርና እርሳስ አመጣ። የቤት ሥራም በዚህ ጊዜ መልኩን ለወጠ። በቃል ይጠና የነበረው በጽሑፍ የሚቀርብ ሆነ፤ ስለዚህ መብራት አስፈለገው። በገበሬው ቤት ያለው መብራት ደግሞ የምድጃው እሳትና፣ ነጭ ጋዝ በተገኘ ጊዜ፣ ኩራዝ ነው። የኩራዙ ጋዝ በገንዘብ የሚገዛ ስለሆነ እንዲሁ አይነድም።

ከመብራቱ የሚብሰው የቋንቋው ነገር ነበር። እስከ 1950ዎቹ አጋማሽ ድረስ ከመጀመሪያዎቹ ክፍሎች በላይ ብዙው ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ዳዊት የደገመ አባት፣ ንባብ የሚያውቅ አጎት እንኳ የልጁን ደብተር ገልጦ ምንም ሊረዳ አይችልም ነበር። በ1956 ዓ.ም. ገደማ አማርኛ እስከ 6ኛ ክፍል የማስተማሪያ ቋንቋ መሆኑ ከሥርዓተ ትምህርት ለውጥነቱ በላይ የሚታይ ነው። አማርኛ ተናጋሪ በሆነው የጎጃም ገጠር ውስጥ የቤት ሥራው ለመጀመሪያ ጊዜ ቤተሰቡ በሚሰማው ቋንቋ ወደ ቤት ገባ። ተማሪው ጮኾ ቢያነብ እናቱ ትሰማዋለች፤ ቢሳሳት ትስቃለች፤ ባይገባት ትጠይቃለች። ማንበብ የማትችል እናት እንኳ የልጇን ትምህርት ልትከታተል የምትችልበት በር ተከፈተ።

ይህ የእኛ ችግር ብቻ እንዳልነበረ ማስታወስም ይጠቅማል። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት በጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1901 ከ15 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች የቤት ሥራ እንዳይሰጥ በሕግ ከልክላ ነበር። ፈረንሳይም በ1956 የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች የጽሑፍ ሥራ ወደ ቤት እንዳይወስዱ መመሪያ አውጥታለች። በሁለቱም አገሮች ክርክሩ የልጁን ጤናና የቤተሰቡን ጊዜ የሚመለከት ነበር። እኛ ዘንድ ግን የቤት ሥራ የጽሑፍ ይሁን የቃል፣ በየትኛው ቀን ይሰጥ፣ ማን ይርዳ የሚለው ጥያቄ ከእያንዳንዱ መምህር ልማድ አልፎ በሰፊው ሲመረመር አልታየም።

4. ወላጅ ተማሪ የሆነበት ጊዜ

በአብዮቱ ዋዜማ ከመቶ 90 በላይ የሚሆነው አዋቂ ሕዝብ ማንበብና መጻፍ አይችልም ነበር። በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አሰማራ። ከዚያም ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ዘመቻው በክረምትና በበጋ ዙሮች እየተከፈለ ሲካሄድ ከጊዜ በኋላ በ15 ብሔረሰብ ቋንቋዎች ተሰጥቷል፤ በ1980 በጎርጎርዮስ አቆጣጠርም ከዩኔስኮ ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል።

ዘመቻው እንከን አልነበረውም ማለት አይቻልም። በአንዳንድ ሥፍራ ሰው በግዳጅ ይሰበሰብ ነበር፤ ፊደል ከለዩት ብዙዎቹ የሚያነቡት ነገር በማጣት መልሰው ረስተዋል። ከቤት ሥራ ታሪክ አንጻር ሲታይ ግን አቻ የሌለው ነገር አድርጓል። አባትና እናት ከልጆቻቸው ጋር በአንድ ዘመን ፊደል ቈጠሩ። ማታ በፋኖስ ዙሪያ አዋቂው ሲያነብ የ3ኛ ወይም የ4ኛ ክፍል ልጅ አጠገቡ ሆኖ የሚያርመው ጊዜ መጣ። ቀድሞ በንባብ ቤት ታላቁ ታናሹን ያስቀጽል እንደ ነበረ ሁሉ አሁን ደግሞ ታናሹ ታላቁን ለማስቀጸል ቻለ። በዚህ አጋጣሚ ትምህርት የልጁ ብቻ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የቤቱ ጉዳይ ሆነ። ዘመቻው ሲቀዘቅዝ ግን ይህ ግንኙነት በመደበኛው ትምህርት ውስጥ ቦታ ተሰጥቶት አልቀጠለም። የጎልማሶች ትምህርት አንድ ክፍል፣ የሕፃናት ትምህርት ሌላ ክፍል ሆነው በየራሳቸው ዕቅድ ተመሩ።

5. ከ1986 ዓ.ም. ወዲህ፤ ትምህርት ቤት በተዘጋ ጊዜ

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃን ስምንት ዓመት አድርጎ በሁለት እርከን ከፈለው። በመጀመሪያው እርከን አንድ መምህር አብዛኛውን ትምህርት ለአንድ ክፍል የሚሰጥበት አሠራርና ተከታታይ ምዘና ተዘረጋ። የትምህርት ቤትና የተማሪ ቁጥር በገጠር በብዙ እጥፍ አደገ፤ የሴቶች ልጆች ተሳትፎም ከፍ አለ። በዚህ ምክንያት ከቤተሰቡ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ክፍል የገባው ልጅ በጣም ብዙ ሆነ። የተከታታይ ምዘናው አንድ ክፍል የቤት ሥራ በመሆኑ ደግሞ፣ ቤቱ ሊሰጠው ያልቻለው ነገር በውጤቱ ላይ የሚቈጠርበት ልጅ እንደዚሁ ብዙ ሆነ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሥራ ላይ የዋለው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የአንደኛ ደረጃን ወደ ስድስት ዓመት መልሶታል። የቤት ሥራው ጥያቄ ግን እንደ ነበረ ነው።

ጥያቄው በግልጽ የታየው ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ ነበር። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ሳቢያ በመላ አገሪቱ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ትምህርት በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በስልክ እንዲቀጥል ተሞከረ። የከተማው ልጅ ከዚህ ጥቂት ሲጠቀም ሬዲዮ በሌለበት ቤት ያለው የገጠር ልጅ ለወራት ከትምህርት ተለየ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮም በአማራ ክልል በተከሠተው ግጭት ምክንያት እጅግ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ሕፃናትም የትምህርት ዓመታት አምልጠዋቸዋል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ለልጁ የሚቀረው ክፍል ቤቱ ብቻ ነው። ቤቱ በደኅናው ዘመን የትምህርት ተካፋይ ያልተደረገ ከሆነ በክፉው ቀን በድንገት ትምህርት ቤት ሊሆን አይችልም። የጉዳዩ ክብደት ከዚህ ላይ ይታወቃል። የሳምንቱ የቤት ሥራ አሰጣጥ ከደብተር ማረም ያለፈ ነገር ነው፤ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ የተማሩት ተረስቶ እንዳይቀር የሚያደርግ ስንቅ ነው።

6. ከታሪኩ የሚገኝ የሳምንት ሠሌዳ

ከላይ ከተመለከቱት ዘመናት የተገኘውን ልምድ በማቀናጀት ለ3ኛ ክፍል የሚሆን የአንድ ሳምንት ሠሌዳ በምሳሌነት ይቀርባል። መሠረተ አሳቡ የጽሑፍ ሥራው በክፍል ውስጥ እንዲያልቅ፣ ወደ ቤት የሚሄደው ግን በቃል፣ በእጅና በጥያቄ የሚሠራ እንዲሆን ነው።

ሰኞ፣ ተማሪው በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ያነበበውን አጭር ታሪክ ማታ ለቤተሰቡ በቃሉ ይተርካል። ይህ ከቃል ትምህርት የተወረሰ ሲሆን ሥራ እየሠሩም ሊፈጸም ይችላል።

ማክሰኞ፣ በሒሳብ ትምህርት የተማረውን ማባዛትና ማካፈል በቤቱ መስፈሪያ ይሞክራል። አንድ እንቅብ ስንት ቁና እንደሚይዝ፣ የማጀቱ ርዝመት ስንት ክንድና ስንት ስንዝር እንደሆነ ከእናቱ ወይም ከአባቱ ጋር ለክቶ ቁጥሩን በቃሉ ይዞ ይመጣል። በማግሥቱ መምህሩ የልጆቹን ቁጥሮች በሠሌዳ ላይ ጽፎ ቢያስተያይ መለኪያ ከቤት ቤት እንደሚለያይ፣ ሜትርና ኪሎ ግራም ለምን እንዳስፈለጉም ማስረዳት ይችላል።

ረቡዕ፣ ተማሪው ታናሹን ወይም ፊደል ያልለየ ትልቅ ሰው አምስት ፊደላት ያስቀጽላል። ወረቀት ከሌለ በመሬት ላይ በእንጨት ይጽፋል።

ሐሙስ፣ በአካባቢ ሳይንስ ትምህርት መነሻነት ስለ አፈር ዓይነት፣ ስለ አረም ስም ወይም ስለ ዝናም ምልክት አባቱንና አያቱን ጠይቆ ይመጣል። ማንበብ የማይችል ወላጅ በዚህ ጊዜ ከልጁ ይልቅ ዐዋቂ ሆኖ ይገኛል፤ ክብሩም ይጠበቃል።

ዓርብ፣ አዲስ ሥራ አይሰጥም። ከመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ላይ 15 ደቂቃ ተወስዶ የሳምንቱ የጽሑፍ ልምምድ በክፍል ውስጥ ይፈጸማል። ቅዳሜና እሑድ ልጁ ከቤተሰቡ ጋር ይቈያል፤ ማታ በሚቀርበው እንቆቅልሽና ተረት ሊማር የሚችለው ነገር ቀላል አይደለም።

ይህን ሠሌዳ ሥራ ላይ ለማዋል መምህሩ አስቀድሞ የአካባቢውን የገበያ ቀን፣ የበዓላቱን ተራና የአጨዳውን ወራት ማወቅ አለበት። በገበያ ቀን ለሴቶች ልጆች ተጨማሪ ሥራ መስጠት ባልሠሩት መቅጣት ማለት ነው። በአጨዳ ወራት የቤት ሥራው አጭር፣ ከመከሩ ጋር የተያያዘም ቢሆን ይመረጣል፤ ነዶ መቁጠርም ሒሳብ ነው። የቤት ሥራ ያልሠራ ተማሪም ከመገሠጹ በፊት ማታውን በምን ሥራ እንዳሳለፈ ሊጠየቅ ይገባዋል። ከመልሱም መምህሩ ስለ ቤቱ ይማራል።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደተመለከተው፣ የቄስ ትምህርት ማታውን ለቃል በመስጠቱ ድኻውን ቤት አልዘጋበትም፤ ይሁን እንጂ ለሴቶች ልጆችና ለጽሕፈት ቦታ ነፈገ። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ጽሕፈትን፣ ሒሳብንና ሳይንስን አመጣ፤ ይሁን እንጂ የቤት ሥራውን ብርሃንና የተማረ ወላጅ ባለበት ቤት ልክ ሰፋው። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወላጁን ራሱን ተማሪ አደረገ፤ ይሁን እንጂ ከልጁ ትምህርት ጋር ሳያያይዘው አለፈ። እያንዳንዱ ዘመን ያገኘው ሌላው ያጣውን ነው።

ስለዚህ የሚከተሉት ሦስት ነጥቦች በመምህራንና በዕቅድ አውጪዎች ዘንድ ቢታሰብባቸው መልካም ነው። አንደኛ፣ የመጀመሪያዎቹ አራት ክፍሎች የመምህሩ መምሪያ ሲዘጋጅ ያለ መብራትና ያለ ወረቀት ሊሠሩ የሚችሉ የቤት ሥራዎች በየምዕራፉ ቢካተቱ፤ ሁለተኛ፣ በእነዚህ ክፍሎች በቤት የሚሠራ የጽሑፍ ሥራ ለውጤት መያዣ ባይሆን፤ ሦስተኛ፣ የጎልማሶች ትምህርትና የሕፃናት ትምህርት በአንድ ቤት ውስጥ የሚገናኙ መሆናቸው ታውቆ የሁለቱ ዕቅድ በወረዳ ደረጃ በአንድነት ቢወጣ።

እነዚህ ነጥቦች ብዙ ገንዘብ የሚጠይቁ አይደሉም። የሚጠይቁት መምህሩ የሰኞን ትምህርት ከማዘጋጀቱ በፊት ልጁ እሑድ ማታ የት እንደሚያድር፣ ማክሰኞ ጧት ውኃ የሚቀዳው ማን እንደሆነ፣ በቤቱም ውስጥ ማንበብ የሚችል ሰው መኖር አለመኖሩን እንዲያውቅ ነው። በአምበርና አምበርን በመሳሰሉ ከተሞች ዙሪያ የሚያስተምር መምህር ይህን በመስከረም የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ተማሪዎቹን በመጠየቅ ሊያጠናቅረው ይችላል።